የፓላጾ ባርቤሪኒን አሮጌ ሕትመት በፍሬም የማዘጋጀት፣ የመስቀልና የመጠበቅ መመሪያ

በሮም ከተማ፣ በኲሪናሌ ኮረብታ ዳገት ላይ የቆመው ፓላጾ ባርቤሪኒ፣ ማፌዮ ባርቤሪኒ እ.ኤ.አ. በ1623 ኡርባኖስ ስምንተኛ ተብለው የሮማ ሊቀ ጳጳስ ከሆኑ በኋላ ቤተሰባቸው ያስገነባው ቤተ መንግሥት ነው። ሥራውን ካርሎ ማዴርኖ ጀመረው፤ እርሱ በ1629 ሲሞት ጃን ሎሬንዞ ቤርኒኒ ተረከበው፤ ፍራንቼስኮ ቦሮሚኒም አብሮ ሠራበት። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ጆቫኒ ባቲስታ ፒራኔዚ (1720–1778) የሕንፃውን የፊት ገጽታ በመዳብ ሰሌዳ ላይ ቀርጾ አሳተመው፤ ይህ ምስል ከ130 በላይ ሰሌዳዎችን በያዘው፣ የሮምን እይታዎች በሚያሳየው ታላቅ ስብስቡ ውስጥ ይገኛል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መመሪያው የተዘጋጀው ይህን ሕትመት ወይም የዚህን ዓይነት የመሳፍንት መኖሪያ የሚያሳይ ሌላ የቆየ የወረቀት ሥራ በእጁ ላለው ሰው ነው። ሥራው በሙሉ በሁለት ደንቦች ይመራል። አንደኛው፣ በወረቀቱ ላይ የሚደረግ ማንኛውም ነገር ወደፊት ያለ ጉዳት ሊነሳ የሚችል መሆን አለበት። ሁለተኛው፣ ፍሬሙ ወረቀቱ ከያዘው መረጃ ምንም መደበቅ የለበትም። የሁለተኛው ደንብ ነገር በተለይ ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም ምስሉ ብቻ እንዲታይ ተብሎ የግርጌው ጽሑፍ በካርቶን የሚሸፈንበት፣ ይባስ ብሎም በመቀስ የሚቆረጥበት ጊዜ ብዙ ነው። የቤተሰቡ ስም፣ የአርክቴክቱ ስምና የቀራጩ ፊርማ የሚገኙት ግን እዚያው ግርጌ ላይ ነው። ጽሑፉ የጠፋበት ሉህ የማን ቤት እንደሆነ፣ ማንም እንደሠራው መናገር አይችልም።

ደረጃ 1፦ በእጅዎ ያለው ምን እንደሆነ ይለዩ

ፍሬም ከማዘዝዎ በፊት ሉሁ የመዳብ ሰሌዳ ሕትመት መሆኑን ወይም በኋለኛው ዘመን በማተሚያ ማሽን የተባዛ ቅጂ መሆኑን ማወቅ ይኖርብዎታል፤ ለቅጂ የሚወጣው ወጪና ለዋናው የሚወጣው ወጪ አንድ ሊሆን አይገባም። በፒራኔዚ ዘመን የነበረው አሠራር እንዲህ ነው፦ ሠዓሊው ሰም መሰል ሽፋን የተቀባ የመዳብ ሰሌዳ ላይ በመርፌ ይስላል፤ ሰሌዳው አሲድ ውስጥ ሲገባ አሲዱ የተጫሩትን መስመሮች ብቻ ይበላል፤ ከዚያ ሰሌዳው ቀለም ተቀብቶ ይወለወልና የረጠበ ወረቀት ተደርጎበት በከባድ የማተሚያ ጥቅል ሥር ያልፋል። ስለዚህ ወረቀቱ ሦስት ምልክቶችን ይዞ ይቀራል።

የመጀመሪያው የሰሌዳው አሻራ ነው። የመዳቡ ጠርዝ ወረቀቱን ስለሚጫነው በምስሉ ዙሪያ በጣት ጫፍ የሚታወቅ አራት ማዕዘን ጉድጓድ ይተዋል። ሁለተኛው የመስመሩ ጠባይ ነው፤ በ10 እጥፍ አጉሊ መነጽር ሲታይ መስመሩ ሙሉና ጥቁር ሆኖ፣ ቀለሙም ከወረቀቱ በጥቂቱ ከፍ ብሎ ይገኛል። ምስሉ በአጉሊ መነጽሩ ሥር ወደ ጥቃቅን ነጥቦች ከተበተነ ግን የፎቶ ሕትመት ቅጂ ነው። ሦስተኛው ወረቀቱ ራሱ ነው። የዚያ ዘመን ወረቀት ከአሮጌ የበፍታና የጥጥ ጨርቅ በእጅ ይሠራ ስለነበር ወደ ብርሃን ሲያዝ ወረቀቱ የተሠራበት ወንፊት ሽቦዎች የተዉአቸው ትይዩ መስመሮች ይታያሉ፤ በመካከሉም የውኃ ምልክት፣ ማለትም የወረቀት ሠሪው በወረቀቱ ውስጥ የተወው መለያ፣ ሊገኝ ይችላል።

ሉሁ እውነተኛ የመዳብ ሕትመት ሆኖ ሳለ በፒራኔዚ እጅ የታተመ ላይሆን እንደሚችልም ይወቁ። ሰሌዳዎቹ እርሱ ከሞተ በኋላ በልጆቹ እጅ ወደ ፓሪስ ሄደው በዚያ ታተሙ፤ በ1830ዎቹ መጨረሻ ደግሞ የሮማ ጳጳሳት መንግሥት ገዝቶ ወደ ሮም መለሳቸው፤ ዛሬም እዚያው በመንግሥት የሥዕል ሕትመት ተቋም ተጠብቀው ይገኛሉ። መዳብ በእያንዳንዱ ሕትመት ጥቂት ጥቂት ስለሚያልቅ በኋለኞቹ ሕትመቶች ላይ ቀድመው የሚደክሙት የሰማዩና የደመናው ቀጫጭን መስመሮች ናቸው። ስለዚህ የሰማዩን ክፍል በጥንቃቄ ይመልከቱ፤ መስመሮቹ ጥርት ብለው ከታዩ ሕትመቱ ቀደም ያለ የመሆን ዕድሉ ይሰፋል፤ ሰማዩ ገርጥቶ የሕንፃው ጥላ ብቻ ደምቆ ከቀረ ግን ምናልባት የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሕትመት ነው። በእኔ ግምት ሁለቱም በክብር ሊያዙ ይገባቸዋል፤ የዋጋቸው ልዩነት ግን ትልቅ ስለሆነ ሻጩ የነገረዎትን ብቻ አይመኑ።

በዚሁ አጋጣሚ የግርጌውን ጽሑፍ አንብበው በወረቀት ላይ ይገልብጡት። ጽሑፉ ቤተ መንግሥቱ «የእጅግ የተከበረው የባርቤሪኒ ቤት» መሆኑን በጣልያንኛ ይገልጻል፤ የሕንፃውን ንድፍም ለቤርኒኒ ይሰጣል። የግንባታውን ታሪክ የሚያውቅ አንባቢ ማዴርኖና ቦሮሚኒ እንዳልተጠቀሱ ወዲያው ያስተውላል፤ ይህም የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሮም ሕንፃውን በማን ስም ታውቀው እንደነበር የሚያሳይ ማስረጃ ነው። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ዘመኑን ለማሰብ የሚረዳ አንድ ነገር ልጨምር፦ የካቶሊክን እምነት የተቀበሉት ዐፄ ሱስንዮስ በ1632 ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ሲለቁ በሮም ጵጵስናውን ይዘው የነበሩት እኒሁ ኡርባኖስ ስምንተኛ ነበሩ፤ ቤተ መንግሥታቸውም ወደ መጠናቀቁ ተቃርቦ ነበር።

ደረጃ 2፦ ከአሮጌው ፍሬም ያውጡት

ሰፊ ጠረጴዛ ያጽዱና ንጹሕ ነጭ ጨርቅ ወይም ወረቀት ያንጥፉበት። እጅዎን በሳሙና ታጥበው በደንብ ያድርቁ፤ ሎሽን አይቀቡ። ፍሬሙን በፊቱ ያስተኙትና ከጀርባ ያሉትን ትናንሽ ምስማሮች በጉጠት አንድ በአንድ ይንቀሉ። መስታወቱ የተሰነጠቀ ከሆነ ከመገልበጥዎ በፊት በላዩ ላይ የማጣበቂያ ፕላስተር መስቀለኛ አድርገው ይለጥፉበት፤ ስብርባሪው ወረቀቱን እንዳይቆርጠው ይከላከላል።

ወረቀቱ በመስታወቱ ላይ ተጣብቆ ካገኙት ሥራውን እዚያው ያቁሙ። ይህ የሚሆነው እርጥበት በመስታወቱና በወረቀቱ መካከል ታምቆ ሲቆይ ነው፤ በጉልበት የተላቀቀ ወረቀት ደግሞ የላይኛውን ገጹን ከነቀለሙ በመስታወቱ ላይ ትቶ ይነሳል። መስታወቱንና ወረቀቱን አብረው ወደ ወረቀት ጥገና ባለሙያ ይውሰዱ። ወረቀቱ በሙሉ ጀርባው በካርቶን ወይም በእንጨት ላይ በሙጫ ከተለጠፈም ውሳኔው ያው ነው።

ደረጃ 3፦ ይመርምሩና ይመዝግቡ

ከመንካትዎ በፊት የፊቱንና የጀርባውን ፎቶግራፍ በጥሩ ብርሃን ያንሱ። ጀርባው ላይ የቀድሞ ባለቤት ማኅተም፣ የነጋዴ ጽሑፍ ወይም ቁጥር ካለ ይህ የሉሁ ታሪክ ነው፤ አይፋቅም፣ አይሸፈንም።

ከጉዳቶቹ መካከል ሦስቱን መለየት ይበቃል። በወረቀቱ ላይ ተበታትነው የሚታዩ ቡናማ ነጠብጣቦች ከእርጥበት፣ ከሻጋታና በወረቀቱ ውስጥ ከቀሩ የብረት ቅንጣቶች ጋር የተያያዙ ናቸው። በምስሉ ዙሪያ እንደ መስኮት ጠርዝ የሚሄድ ቡናማ መስመር ከቀድሞው ካርቶን የወጣ አሲድ ያቃጠለው ነው። በትይዩ የሚወርዱ ሰፋፊ ቡናማ ጅረቶች ደግሞ ጀርባው ላይ ተደግፎ የነበረው የእንጨት ጣውላ ምልክት ናቸው። ከሦስቱ አንዳቸውንም በቤት ውስጥ ለማጥፋት አይሞክሩ። በረኪና ወረቀቱን ለጊዜው ያነጣዋል፤ ይሁን እንጂ ክሩን ሰባብሮ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከበፊቱ በባሰ ሁኔታ ቢጫ ያደርገዋል። ዳቦ፣ የእርሳስ ላጲስና እርጥብ ጨርቅም እንዲሁ አይፈቀዱም። የሚፈቀደው በጣም ለስላሳ በሆነ ሰፊ ብሩሽ ከመሃል ወደ ዳር እየጠረጉ ልቅ አቧራን ማንሳት ብቻ ነው፤ ሻጋታ ካለ ይህም ቢሆን ከቤት ውጭ፣ አፍና አፍንጫን ሸፍኖ ይደረጋል።

የቀለሙ ነገር አያሳስብዎ። የመዳብ ሕትመት ጥቁር ቀለም ከከሰልና ከተፈላ የተልባ ዘይት ስለሚሠራ ብርሃን በቀላሉ አያደበዝዘውም። የሚጎዳው ወረቀቱ ነው፤ ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ወረቀቱን ለማዳን ነው።

ደረጃ 4፦ ዕቃ ይምረጡ

ፍሬም ቤት ሲሄዱ በመጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ ካርቶኑ ይሁን። ከምስሉ ፊት የሚቀመጠው መስኮት የተቆረጠለት ካርቶንና ከኋላ የሚደግፈው ካርቶን ሁለቱም ከአሲድ ነጻ፣ ቢቻል ከሙሉ ጥጥ የተሠሩ መሆን አለባቸው። ከተፈጨ እንጨት የተሠራ ተራ ካርቶን አዲስ ሳለ ያምራል፤ ከጊዜ በኋላ ግን የሚያወጣው አሲድ ከላይ የተገለጸውን ቡናማ መስመር ያስከትላል። ካርቶኑ የተቆረጠበትን ጠርዝ መመልከት አንድ ፍንጭ ይሰጣል፦ በአሮጌ ፍሬም ውስጥ ጠርዙ ወደ ቢጫነት ወይም ወደ ቡናማነት ከሄደ ካርቶኑ አሲዳማ ነው። ኤም ዲ ኤፍ፣ ኮምፔንሳቶና የማሸጊያ ካርቶን ከወረቀቱ ጋር በቀጥታ አይነካኩ።

የካርቶኑ ቀለም ለብ ያለ ነጭ ቢሆን ይመረጣል፤ ድምቅ ያለ ነጭ የቆየውን ወረቀት የቆሸሸ ያስመስለዋል። ለፍሬሙ ጠባብ ጥቁር እንጨት ወይም ያረጀ ወርቃማ ቀለም ይስማማዋል። ብዙ ሰው የመሳፍንት ቤት ስለሆነ ብሎ ቅጠልና አበባ የተቀረጸበት ሰፊ ወርቃማ ፍሬም ይመርጣል፤ እኔ አልስማማም፤ የፒራኔዚ ሥራ ኃይሉ ያለው በጥቁርና በነጭ ግጭት ውስጥ ስለሆነ ከአጠገቡ የሚያብረቀርቅ ነገር ሲኖር ዓይን ከሕንፃው ይሸሻል።

ደረጃ 5፦ ይለኩ

የሚለኩት ከምስሉ ሳይሆን ከሰሌዳው አሻራ ውጫዊ ጠርዝ ነው። አሻራው ለምሳሌ ቁመቱ 40፣ ወርዱ 60 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። ከላይና ከሁለቱ ጎኖች 1 ሴንቲ ሜትር፣ ከታች 1.5 ሴንቲ ሜትር ክፍት ቢተው የካርቶኑ መስኮት 42.5 በ62 ይሆናል፤ በዚህም የግርጌው ጽሑፍና አሻራው በሙሉ ይታያሉ። በመስኮቱ ዙሪያ ከላይና ከጎን 10፣ ከታች 11.5 ሴንቲ ሜትር ካርቶን ሲጨመር ውጫዊው መጠን 64 በ82 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። የታችኛው ጠርዝ በጥቂቱ የሚሰፋው ዓይን ምስሉን ከመሃል ዝቅ ብሎ እንዳያየው ነው። የፍሬሙ ውስጣዊ ማረፊያ ከካርቶኑ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ይብለጥ፤ እንጨትና ካርቶን በእርጥበት ስለሚሰፉ የተጨናነቀ ፍሬም ካርቶኑን ያጎብጠዋል።

ወረቀቱ ሰፊ ኅዳግ ካለውና ከካርቶኑ የሚተርፍ ከሆነ ካርቶኑን ያስፉ። ወረቀቱን በምንም ምክንያት አይቁረጡት፣ አይጠፉትም። ሙሉ ኅዳግ ያለው ሉህ ብርቅ ነው፤ ገዢም ተመራማሪም አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለዚሁ ነው።

ደረጃ 6፦ ወረቀቱን ከካርቶኑ ጋር ያያይዙ

ጥፋት የሚበዛው እዚህ ላይ ነው። ስኮች፣ ሁለት ፊት ያለው ማጣበቂያ፣ የእንጨት ሙጫ፣ የሚረጭ ሙጫ፣ ራሱ የሚጣበቅ የጨርቅ ፕላስተር፣ አንዳቸውም በወረቀቱ ላይ አይውሉም። የስኮች ሙጫ ወደ ወረቀቱ ክሮች ሰርጎ ዘይት የነካው የሚመስል ቡናማ እድፍ ይሆናል፤ ከቆየም ባለሙያ እንኳ ሙሉ በሙሉ አያነሳውም።

ልምድ ለሌለው ሰው የምመክረው የማዕዘን ኪስ ነው። ከአሲድ ነጻ ከሆነ ወረቀት አራት ቁራጮችን ይቁረጡ፤ እያንዳንዱን እንደ ፖስታ ጥግ በሦስት ማዕዘን አጥፈው የሉሁን ማዕዘኖች በኪሶቹ ውስጥ ያስገቡ፤ ከዚያ ኪሶቹን ብቻ በኋላው ካርቶን ላይ ይለጥፉ። ሙጫ ወረቀቱን ፈጽሞ አይነካውም። ኪሶቹ በማዕዘኖቹ ዙሪያ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ትርፍ ክፍተት ይኑራቸው፤ ወረቀቱ እርጥበት ሲስብ እንዲለጠጥ ነው። ችግሩ ኅዳጉ ጠባብ በሆነ ሉህ ላይ ኪሶቹ በመስኮቱ ውስጥ የሚታዩ መሆናቸው ነው።

እንዲህ ሲሆን ከጃፓን ወረቀት፣ ማለትም ቀጭን ሆኖ ክሩ ረጅምና ጠንካራ ከሆነ ወረቀት፣ ሉሁን ከኋላው ካርቶን ጋር የሚያያይዝ ማንጠልጠያ ይሠራል። ማጣበቂያው የስንዴ ስታርች ነው፦ አንድ እጅ ስታርች ከአራት ወይም ከአምስት እጅ የተጣራ ውኃ ጋር ተበጥብጦ በዝግተኛ እሳት ላይ ሳይቋረጥ እየተማሰለ ወደ ግማሽ ሰዓት ይበስላል፤ ነጭነቱ ጠፍቶ ብርሃን የሚያሳልፍ ሲሆን ይወርዳል፤ ከቀዘቀዘ በኋላ በጥሩ ወንፊት ይጠለላል። የስታርቹ ጥቅም ከብዙ ዓመታት በኋላም በጥቂት እርጥበት መላቀቁ ነው። የጃፓኑን ወረቀት በመቀስ አይቁረጡት፤ በውኃ የራሰ ቀጭን ብሩሽ መስመር አስምረው በእጅ ይቅደዱት፤ የተቀደደው ጠርዝ ስለሚሳሳ ከፊት በኩል ቅርጹ አይታይም። ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቁራጮች ይበቃሉ። ከእያንዳንዱ 5 ሚሊ ሜትር ያህሉን ብቻ በስታርች ቀብተው በሉሁ ጀርባ፣ በላይኛው ጠርዝ፣ ከሁለቱ ማዕዘኖች ጥቂት ገባ ብለው ይለጥፉ። በላዩ ላይ ቀለም መጣጭ ወረቀትና ክብደት አድርገው እስኪደርቅ ይጠብቁ። ቀሪውን ክፍል በኋላው ካርቶን ላይ ካሳረፉ በኋላ ሌላ ቁራጭ በላዩ አግድም ይለጥፉበት። የታችኛው ጠርዝና ጎኖቹ ፈጽሞ አይያዙ። በአራት ጎኑ የተያዘ ወረቀት መለጠጫ ስለሚያጣ ይጨማደዳል ወይም ይቀደዳል።

ማንጠልጠያው ከሉሁ ይልቅ የሳሳ መሆን አለበት። ፍሬሙ ከወደቀ መቀደድ ያለበት ማንጠልጠያው ነው።

ደረጃ 7፦ መስታወቱን ያስገቡ፣ ጀርባውን ይዝጉ

ወረቀትን የሚጎዳውን የአልትራቫዮሌት ጨረር የሚያግድ መስታወት ወይም ፕሌክሲግላስ (መስታወት መሰል ፕላስቲክ) ይምረጡ። ከላይ ባሰላነው መጠን 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መስታወት ብቻውን ወደ 2.6 ኪሎ ግራም፣ 3 ሚሊ ሜትር ደግሞ ወደ 4 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ፕሌክሲግላስ ከዚህ ግማሽ ያህሉ ስለሆነና ስለማይሰባበር ለጉዞ የተሻለ ነው። መስታወቱ በምንም ቦታ ሕትመቱን መንካት የለበትም፤ መስኮት የተቆረጠለት ካርቶን የሚያስፈልገውም ለውበት ብቻ ሳይሆን ይህን ክፍተት ለመፍጠር ነው።

መስታወቱን ሲያጸዱ ፈሳሹን በጨርቁ ላይ እንጂ በመስታወቱ ላይ አይርጩ፤ ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ ብቻ ካርቶኖቹን ያስገቡ። ከኋላ ከአሲድ ነጻ የሆነ ጠንካራ መዝጊያ ያድርጉ፤ በፍሬሙና በመዝጊያው መካከል ያለውን ስንጥቅ በወረቀት ፕላስተር ያሽጉ። አቧራና ወረቀት በል ነፍሳት የሚገቡት በዚያ ነው። በሁለቱ የታች ማዕዘኖች ትናንሽ የጎማ ቁልፎችን ይለጥፉ፤ ፍሬሙ ከግድግዳው ጥቂት ሚሊ ሜትር ርቆ አየር እንዲያልፍ ያደርጋሉ።

ከመዝጋትዎ በፊት የገለበጡትን የግርጌ ጽሑፍ፣ ከደረጃ 3 የተነሱትን ፎቶግራፎችና ሥራው የተሠራበትን ቀን በአንድ ፖስታ አድርገው ከመዝጊያው ውጭ በኩል ያያይዙ።

ደረጃ 8፦ ቦታ መርጠው ይስቀሉ

በቀጥታ ፀሐይ የሚገባበት ግድግዳ፣ የወጥ ቤትና የመታጠቢያ ቤት ግድግዳ፣ ከምድጃ ወይም ከማሞቂያ በላይ ያለ ቦታ እንዲሁም የቡና ጭስና ዕጣን በየቀኑ የሚደርስበት ጥግ ይቅር። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ወደ ውጭ የሚያዋስን የድንጋይ ወይም የብሎኬት ግድግዳ በክረምት ወራት እርጥበት ስለሚያስተላልፍ በሁለት ክፍሎች መካከል ያለው የውስጥ ግድግዳ ይሻላል። የወረቀት ሥራዎች በሚታዩባቸው ሙዚየሞች የተለመደው የብርሃን መጠን 50 ሉክስ ነው፤ በስልክ ላይ በሚጫን የብርሃን መለኪያ ግምቱን ማግኘት ይቻላል። የአየሩ እርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ ባለው መካከል ተረጋግቶ ቢቆይ ጥሩ ነው፤ ከቁጥሩ ይልቅ መረጋጋቱ ይበልጣል፤ በየቀኑ የሚዋዥቅ እርጥበት ወረቀቱን ያለማቋረጥ ይስበዋል፣ ይለቀዋልም።

የምስሉ መካከል ከወለሉ 150 ሴንቲ ሜትር ያህል ላይ ሲውል ቆሞ ለሚያይ ሰው ይመቻል። ፒራኔዚ የሞላቸው ጥቃቅን ዝርዝሮች፣ ሰዎቹ፣ የመስኮቶቹ ክፈፎች፣ ተደራርበው የሚወጡት የቅስቶች ረድፎች የሚታዩት ከቅርብ ስለሆነ ከሶፋ ጀርባ ከፍ አድርጎ መስቀል ሥራውን ማባከን ነው፤ ሰው ተጠግቶ ሊቆምበት የሚችል የመተላለፊያ ግድግዳ ከሳሎኑ ዋና ግድግዳ ይበልጥ ይስማማዋል። በግድግዳው ላይ በውኃ ልክ አስተካክለው ሁለት ቦታ ይቦርቡሩ፤ ፊሸር አስገብተው ብሎን ይሰሩ፤ ፍሬሙን በአንድ ምስማርና በአንድ ገመድ አይስቀሉ። በሁለት ነጥብ የተያዘ ፍሬም አይዘምም፤ አንዱ ቢለቅም ሌላው ይይዘዋል።

ደረጃ 9፦ በየዓመቱ ይመልከቱት

በዓመት አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ እንደወጣ ፍሬሙን አውርደው ጀርባውን ይመልከቱ። ፕላስተሩ ተላቅቆ ከሆነ ያድሱት፤ ከመስታወቱ በውስጥ በኩል ጉም ወይም ነጠብጣብ ካለ ፍሬሙ ይከፈት፤ ካርቶኑም ይድረቅ። ወረቀቱ በመጠኑ ሞገድ ቢያሳይ አይደንግጡ፤ በሁለት ጫፍ የተንጠለጠለ የእጅ ወረቀት ይህን ማድረጉ ተፈጥሮው ነው፤ ለማቃናት ብለው አይተኩሱት። አዲስ ቡናማ ነጠብጣብ፣ የነፍሳት ብል የመሰለ ቀዳዳ ወይም የሻጋታ ሽታ ካገኙ ሕትመቱን ከፍሬሙ አውጥተው፣ ከአሲድ ነጻ በሆነ ወረቀት መካከል በጠፍጣፋ አስተኝተው፣ ከሌሎች የወረቀት ሥራዎችና መጻሕፍት ለይተው ወደ ጥገና ባለሙያ ይውሰዱ።